የኮምፒዩተር አስተማሪያችን ሰማያዊ ዶሴ

ባለፈው ክረምት ከዚህ ጋዜጣ ጸሐፊዎች ሦስታችን ወደ ተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለጥየቃ ሄደን ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ የምናወራው የአንድ ትምህርት ቤት ነውር ሳይሆን አብዛኞቻችን በየመጣንበት የምናውቀው ነገር ስለ ሆነ፣ አንዱን ለይቶ ማሳጣት ፍርድ አይሆንም። የኮምፒዩተር አስተማሪያችን የነበሩትን፣ እስከ ዛሬም «ቲቸር» የምንላቸውን ሰው፣ ትተናቸው በሄድንበት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር ላይ አገኘናቸው። ሻይ አስመጡልን፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው ኑሮ ጠየቁን፤ እኛም እንደ ተማረ ሰው እየተኮፈስን መለስን።

ከራስጌያቸው ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ጀርባው ላይ «ተሙማ» ተብሎ የተጻፈበት ሰማያዊ ዶሴ ነበር። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማለት ነው፤ በአስተማሪዎች ክፍል ግን ሁሉም «ሲ ፒ ዲ» ነው የሚለው። እንድናየው ፈቃድ ጠየቅናቸው። «እዩት እንጂ! ከሱፐርቫይዘሩ በቀር የከፈተው ሰው የለም» ብለው አወረዱልን።

በዶሴው ውስጥ የአምስት ዓመት ወረቀት አለ። በየዓመቱ አንድ ዕቅድ፣ በየዓመቱ አንድ ሪፖርት፣ በየመካከሉ በፎቶ ኮፒ የተባዙ ሰርተፊኬቶች። ሰርተፊኬቶቹን አንድ በአንድ አነበብናቸው፤ አንዱ ስለ ክፍል አያያዝ፣ አንዱ ስለ ተከታታይ ምዘና፣ አንዱ ተማሪን ማዕከል ስለሚያደርግ የማስተማር ዘዴ ይናገራል። ሁሉም መልካም ነገር ነው። ኮምፒዩተርን የሚመለከት ግን አንድም ወረቀት አላገኘንም። የዘንድሮውን ዕቅድ ከአምናው ጋራ ብናስተያየው ከዓመተ ምሕረቱ በቀር አንድ ፊደል አልተለወጠም። ቲቸር ፊታችንን አይተው ሣቁ። «ምን ላድርግ? ወረቀቱ ካልተሞላ የደረጃ ዕድገት የለም፤ ቢሞላም የሚያነበው የለም» አሉን።

ከዚያ በኋላ የነገሩን ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈን። የተማሩት ፊዚክስ ነው። ኮምፒዩተር እንዲያስተምሩ የታዘዙት፣ የክፍለ ጊዜያቸው ቍጥር ስላልሞላና በትምህርት ቤቱ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። አዲሱ መጽሐፍ ሲመጣ የፕሮግራም አጻጻፍ ምዕራፍ ገጠማቸው። ያን ጊዜ የሌሊት ጥቅል እየገዙ፣ ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ፣ በስልካቸው ላይ ትምህርቱን እያዩ፣ በደብተር እየገለበጡ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ተማሩ። ደብተሮቹን አሳዩን። አራት ናቸው፤ በጥቁርና በቀይ እስክሪፕቶ የተጻፉ፤ የተሳሳቱበት ቦታ ሁሉ ተሰርዞ ከአጠገቡ የታረመው ተጽፎበታል። እኛ በሁለተኛው ዓመት ላይ በስንት ጣር ያለፍነው ጥያቄ እዚያ ውስጥ ተሠርቶ አየነው።

ከእነዚህ አራት ደብተሮች አንዱም በሰማያዊው ዶሴ ውስጥ አልተመዘገበም። ቲቸርን «ለምን?» አልናቸው። «በምን አምድ ላይ?» ብለው መለሱልን።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ያልተማሩት ነገር በማኅተም ተረጋግጦ በዶሴ ተቀምጧል፤ የተማሩት ነገር ግን ለመንግሥትም፣ ለትምህርት ቤቱም፣ ለእኛም እንዳልነበረ ሆኖ ቀርቷል። «ሳይማር ያስተማረን» የሚለውን አነጋገር ስለ ሕዝባችን ስንናገር እንወደዋለን። እኚህ ሰው ግን ተምረው ነው ያስተማሩን፤ መማራቸውን ያወቀላቸው ሰው ነው የጠፋው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ ማንኛውም አስተማሪ፣ ርእሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ያዝዛል። አዲስ ተቀጣሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአማካሪ አስተማሪ እየተረዳ የሙያ ትውውቅ ያደርጋል። ነባሩ ደግሞ የጎደለውን ይለያል፣ ያቅዳል፣ ይፈጽማል፣ ይገመግማል፤ ከዚያም ዙሩን እንደገና ይጀምራል። ማስረጃውን በፖርትፎሊዮ ያስቀምጣል። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ድረስ የሚወጣበት የዕድገት መሰላልም ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። በወረቀት ላይ ሲያነቡት ነቀፋ የሚገኝበት ነገር አይደለም። እንዲያውም የጎደለውን ራሱ አስተማሪው ይለይ ማለቱ ብልህነት ነው። ታዲያ ከዚህ ብልህ ሐሳብ እንዴት ተነሥተን ዓመተ ምሕረት ብቻ ወደሚለወጥበት ዕቅድ ደረስን?

እንደሚመስለን ችግሩ የሚጀምረው ከቍጥሩ ነው። 60 ሰዓት ለመቁጠር የሚቀል ነገር ነው። ሰው በወንበር ላይ መቀመጡን ማየት ይቻላል፤ መፈረሙን ማየት ይቻላል፤ ምን ይዞ እንደ ተነሣ ማየት ግን ድካም አለው። ስለዚህ መቁጠር የሚቀለው ተቆጠረ፣ የሚከብደው ተተወ። ሱፐርቫይዘሩም ሰው ነው፤ በክላስተሩ ውስጥ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ በእግሩ ወይም በሚኒባስ እየዞረ የሁሉንም ዶሴ አንብቦ መጨረስ አይችልም። ማኅተም መኖሩን አይቶ ይሄዳል።

ይህ በሁሉም የትምህርት ዐይነት ያለ ነገር ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ጉዳቱ ይብሳል። የታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን አይቀየሙን እንጂ፣ የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት ዓመት አስተማሪው ከተመረቀ ወዲህ አልተለወጠም። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የተመረቀ የኮምፒዩተር አስተማሪ ግን የተማረበት ማሽን ዛሬ በዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሷል፤ የተማረበት ፕሮግራም ከገበያ ወጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ፣ ተማሪው የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከመልመድ ዐልፎ ወደ ዳታቤዝ፣ ወደ ድረ ገጽ አሠራርና ወደ ፕሮግራም አጻጻፍ እንዲሄድ ይጠበቃል። መጽሐፉ ተለወጠ። አስተማሪው መጽሐፉ በተለወጠበት ሌሊት አብሮ አይለወጥም።

በአስተማሪዎቹ ዘንድም አመጣጣቸው አንድ ዐይነት አይደለም። ከእኛ መካከል አንዳችንን ያስተማሩን የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ ሌላችንን የሂሳብ ሰው፤ ሦስተኛውን ደግሞ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ተመርቆ የመጣ ወጣት። ያ ወጣት ፕሮግራም መጻፍ ያውቅ ነበር፤ ክፍል መያዝ ግን አቃተውና ዓመቱ ሳይጋመስ ባንክ ገባ። ለቲቸር የፕሮግራም ትምህርት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ለወጣቱ የማስተማር ዘዴ። ሁለቱም ግን በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስለ ተከታታይ ምዘና ሰሙ፤ ለሁለቱም እኩል ሰዓት ተመዘገበላቸው። ይህን ዐይነት መዝገብ አስተማሪን የሚያውቅ መዝገብ ነው ሊባል ይችላልን?

እዚህ ላይ የአንድ ምሁር ስም መጥራት እንወዳለን። ቶማስ ገስኪ የተባሉት አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ አስተማሪዎች ሥልጠና አመዛዘን ባሳተሙት መጽሐፍ አምስት ጥያቄዎችን በየደረጃው አስቀምጠዋል። አስተማሪው ሥልጠናውን ወደደው ወይ? ምን ተማረበት? የሚሠራበት ቤት የተማረውን እንዲሠራበት ረዳው ወይስ ከለከለው? በክፍል ውስጥ ሠራበት ወይ? በመጨረሻም ተማሪዎቹ ምን አተረፉ? የእኛ ዶሴ እንኳን አምስተኛው ላይ ሊደርስ፣ ሁለተኛውን አይነካም። የተሳተፈ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ መሳተፍ ደግሞ ከአምስቱ አንዱም አይደለም።

እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ ያስቆመን ሦስተኛው ጥያቄ ነው። በቲቸር ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል አለ። ቁልፉ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊ ኪስ ውስጥ ነው። ኀላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ማሽን ቢጠፋ ወይም ቢሰበር የሚከፍለው እሱ ስለ ሆነ በሩን መክፈት ይፈራል። እኛ በዚያ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ስንማር ወደዚያ ክፍል የገባንባቸው ቀኖች በእጅ ጣት ይቆጠራሉ። የድረ ገጽ አሠራርን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ነው። ቲቸር መክፈቻና መዝጊያ ምልክቶቹን አስተካክለው ይጽፋሉ፤ እኛ እንገለብጣለን፤ ከዚያም «ይህ በማሽኑ ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሆኖ ይታይ ነበር» ብለው ከአጠገቡ ሥዕል ይሥላሉ። እንግዲህ ቲቸርን ወደ ሥልጠና ብንልካቸው፣ ተምረው ቢመለሱና በሩ ተቆልፎ ቢቈያቸው፣ መዝገቡ «ሠልጥነዋል» ይላል። የትምህርት ቤቱ ሪፖርትም «የሠለጠነ አስተማሪ አለ፣ የኮምፒዩተር ክፍል አለ» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልፍ ግን በየትኛውም አምድ አልተጻፈም።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስል ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። እዚያ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ የሚሰጠው ትምህርት በአመዛኙ የቢሮ ፕሮግራሞችን አጠቃቀም የሚያስተምር ነበር። የሮያል ሶሳይቲ ሊቃውንት በ2012 ባወጡት ጥናት ይህን ነቀፉ፤ በሴፕቴምበር 2014ም ትምህርቱ ተለውጦ ፕሮግራም መጻፍ በሕፃንነት ይጀመር ተባለ። አስተማሪዎቹ ግን የትናንቶቹ አስተማሪዎች ነበሩ። ያው ማኅበር በ2017 ተመልሶ ሲያጠና፣ ከሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች መካከል 44 በመቶው በልበ ሙሉነት ማስተማር የምንችለው የኮምፒዩተር ሳይንሱ ይዘት አነስ የሚልበትን የታችኛውን ደረጃ ብቻ ነው ማለታቸውን አገኘ። በዚያው ዓመት መንግሥቱ 84 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ፣ የሠለጠኑትን የኮምፒዩተር ሳይንስ አስተማሪዎች ከ4 ሺህ ወደ 12 ሺህ ለማድረስ ተነሣ፤ በተከተለውም ዓመት ብሔራዊ ማዕከል አቋቋመ።

ገንዘቡን አይተን እንድንቀና አይደለም ይህን የጠቀስነው፤ ያን ያህል ፓውንድ ከየት ይመጣል! ልብ እንድንለው የምንፈልገው ነገር፣ ያ 44 በመቶ የተገኘበትን መንገድ ነው። ሰርተፊኬት በመቁጠር አልተገኘም። አስተማሪዎቹን «የትኛውን ማስተማር ትችላላችሁ፣ የትኛውን ትፈራላችሁ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ ወረቀትና እምነት ይበቃል። ወረቀቱ እኛም ዘንድ አለ።

የሚጎድለን እምነቱ ነው። ይህን ጉዳይ ባለፈው ወር በማኅበራችን የክርክር ምሽት ላይ ስናነሣ፣ ከሕግ ክፍል የመጣ ጓደኛችን ተነሥቶ አጥብቆ ተቃወመን። «እናንተ የምትሉት መዝገብ ሌላ ስም የወጣለት ቁጥጥር ነው። በዚህ አገር ስለ አስተማሪ የተያዘ ዶሴ መቼ ነው ለአስተማሪው ጥቅም የዋለው? ያልቻለውን ጻፍ ትሉታላችሁ፤ የጻፈው ነገ ማስረጃ ይሆንበታል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። እኛም ቤታችን ገብተን ስናስበው እውነቱን አጣነው ለማለት አልደፈርንም። ግምገማ የሚባለውን ነገር ያለፉበት ታላላቆቻችን ለምን ዶሴ ሲባል እንደሚደነግጡ እናውቃለን። አስተማሪ ድካሙን በራሱ ላይ ካልመሰከረ ሊረዳ አይችልም፤ ከመሰከረ ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ብልህ የሆነ አስተማሪ የአምናውን ዕቅድ ገልብጦ ያስገባል። ስንፍና አይደለም፤ ራስን መጠበቅ ነው።

ነገር ግን ወዳጃችን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ መዝገብ አይኑር» ማለቱን አንቀበልም። መዝገብ ባይኖር የሚጎዳው ማን ነው? ሱፐርቫይዘሩ አይደለም። የሚጎዱት አራት ደብተር የጻፉት ሰው ናቸው። ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወሩ፣ የሚያውቁትን የሚያውቅ አንድም ሰው በሌለበት እንደ ገና ፊዚክስ ብቻ የሚችሉ ሰው ይሆናሉ። መንግሥት በየዓመቱ በሚያወጣው የትምህርት አኀዝ ውስጥ አስተማሪ በዲግሪው ነው የሚታወቀው፤ ዲግሪ ደግሞ አንድ ቀን የተወሰደ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የተጨመረውን የሚነግረን አንድ ነገር መኖር አለበት። ጥያቄው መዝገቡ ይኑር አይኑር ሳይሆን የማን ይሁን የሚለው ነው።

እኛ የአስተማሪው ይሁን እንላለን። በስም ብቻ ሳይሆን በእውነት የእሱ። በቤቱ የሚያስቀምጠው፣ ሲዛወር ይዞት የሚሄድ፣ ለማን እንደሚያሳየው ራሱ የሚወስን ደብተር። ለደረጃ ዕድገት ሲቀርብ ከውስጡ የመረጠውን ያቀርባል፤ ያልቻለውን የጻፈበት ገጽ ግን ለሚረዳው ሰው እንጂ ለሚሾመው ሰው አይሰጥም። ሁለቱን መለየት ካልተቻለ፣ የሕግ ክፍሉ ወዳጃችን ትክክል ነው፤ ነገሩን ብንተወው ይሻላል።

በደብተሩ ውስጥስ ምን ይጻፍ? ሰዓት ይጻፍ፤ ቅር አይለንም፣ ማዕቀፉም ያዝዛል። ከሰዓቱ ቀጥሎ ግን «ከዚህ በፊት የማልችለው፣ አሁን የምችለው ምንድን ነው?» የሚል አምድ ይኑር። ማስረጃው ማኅተም ሳይሆን ሥራው ራሱ ይሁን፤ የጻፈው ፕሮግራም፣ ያዘጋጀው ትምህርት፣ ለአንድ የሙያ ባልደረባው አሳይቶ «አይቼዋለሁ፣ ይሠራል» የተባለበት። እንዲህ ከሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ የተማረ ሰው፣ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ ከተማረው አያንስም። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ አንድ አምድ ለቁልፉ ይኑር፤ «የተማርሁትን ያልሠራሁበት ምክንያት» የሚል። የአንድ ወረዳ አስተማሪዎች በሙሉ በዚህ አምድ ላይ «ክፍሉ ይቆለፋል» ብለው ቢጽፉ፣ ለሌላ ሥልጠና ገንዘብ ከማውጣት በፊት፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊ ለተሰበረ ማሽን ከኪሱ እንዳይከፍል ደንቡን ማሻሻል እንደሚሻል ለሁሉም ይገለጥ ነበር። ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም።

ሰርተፊኬትን ሁሉ የምናንቋሽሽ አይምሰል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነጻ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ከእኛም መካከል ወስደን የተጠቀምን አለን። አስተማሪዎችም እንዲወስዱ ይበረታታሉ። በአደባባይ የሚነገረው ቍጥር ግን የሁሉም ድምር ነው፤ የባንክ ጸሐፊው፣ ተማሪው፣ አስተማሪው አንድ ላይ ይደመራሉ። አስተማሪ የወሰደው ትምህርት ደግሞ የሚለካው በእሱ ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ፊቱ በሚቀመጡት ልጆች ነው። አምሳ ልጅ ባለበት ክፍል የሚያስተምር ሰው ሰርተፊኬት ሲያገኝ፣ ያ ወረቀት ወደ ክፍሉ ገባ ወይስ በዶሴው ቀረ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ደስ ይለን ነበር።

ይህን ለክፍላችን ልጆች ስንነግራቸው፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳንጨርስ «አፕ እንሥራለት!» ያሉ አልጠፉም። የሙያ በሽታ ነው፤ እኛም ይዞናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምሮ የሚታይ ነገር መሥራት አይከብደንም። ነገር ግን የተሳሳተውን አምድ በስልክ ላይ ብናመጣው ስሕተቱ ይፈጥናል እንጂ አይታረምም። አስቀድሞ ከአስተማሪዎች ጋራ ተቀምጦ ምን ቢጻፍ እንደሚጠቅማቸው በእርሳስ መሞከር ይሻላል። ገጾቹ በእርሳስ ከሠሩ በኋላ ማሽኑ የትም አይሄድም።

አንድ አስተማሪያችን ረቂቃችንን አንብበው «ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰዓት መቁጠር ርካሽ ነው፣ እናንተ የምትሉት ውድ ነው» ብለውናል። በአክብሮት እንመልሳለን። ውድ የሚሆነው፣ ሁሉን ሱፐርቫይዘር ይመርምረው ከተባለ ነው። በአንድ ክላስተር ያሉ የኮምፒዩተር አስተማሪዎች በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይቶ ቢፈርምለት ግን የሚወጣው የትራንስፖርትና የሻይ ገንዘብ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር አስተማሪ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለ መገናኛ ለእሱ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። የሂሳብ አስተማሪ ቢቸግረው ከአጠገቡ የሚጠይቀው ሌላ የሂሳብ አስተማሪ አለ። ቲቸር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቁት ስልካቸውን ነው።

ዩኒቨርሲቲያችንም ድርሻ አለው። ክረምት ክረምት አስተማሪዎች ወደ ግቢያችን ይመጣሉ፤ እኛ የተውናቸውን አልጋዎች ይይዛሉ፤ ተምረው ይመለሳሉ። ሲመለሱ የሚሰጣቸው ወረቀት ምን ያህል ቀን እንደ ተማሩ ይናገራል። ክፍላችን በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ምን እንደ ተማሩ፣ ምን ሠርተው እንዳሳዩ፣ ገና ምን እንደ ቀራቸው ቢጽፍ ብዙ ቀለም አይፈጅም። በመስከረምም ጥያቄ ቢኖራቸው የሚጽፉበት አንድ ሰው ተሰይሞ ቢሰጣቸው መልካም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋራ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ እንዳለባቸው በየስብሰባው እንሰማለን። ይህ ካልሆነ የማኅበረሰብ አገልግሎት የቱ ነው?

እኛ ተማሪዎችስ? በየሻይ ቤቱ ስለ ትምህርት ጥራት ስንማረር እናመሻለን። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ካለፉት ጋራ ተቆጥረን እዚህ የገባን አለን፤ እንደ ጀግናም ተቆጥረናል። ያን ጊዜ ስለ አስተማሪዎች ብዙ ክፉ ነገር ተጻፈ። ከጻፉት አንዳንዶቹ እኛው ነን፤ አሁን ስናነበው እናፍራለን። ከእኛ መካከል ደግሞ በመጪው ዓመት ተመርቀው ወደ ማስተማር የሚገቡ አሉ። ወደው የሚገቡ ጥቂት ናቸው፤ ሌላ ሥራ አጥተው የሚገቡ ብዙ ናቸው። ሰማያዊው ዶሴ እነርሱንም ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያውን ዕቅዳቸውን ከቀድሞው ባለ ወንበር ገልብጠው ይጀምሩ እንደ ሆነ፣ ወይስ ሌላ ነገር ይዘው ይሂዱ እንደ ሆነ፣ ከወዲሁ ሊነጋገሩበት ይገባል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ያህል ይህን አድርገናል። በአንድ ገጽ ላይ አራት አምዶች ያሉት ደብተር በእጃችን አሰናድተን በዚህ ጋዜጣ ማባዣ አትመነዋል፤ ሃያ ቅጂ አለ። አንዱን ለቲቸር ልከንላቸዋል። ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች መካከል፣ እያንዳንዱ ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ለኮምፒዩተር አስተማሪው አንድ ቅጂ ወስዶ እንዲሰጥ፣ በሴሚስተሩ ዕረፍትም ተመልሶ «የቱ አምድ ጠቀመዎት፣ የቱ ይቅር?» ብሎ እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። አስተማሪው ያልቻለውን የጻፈበትን ገጽ ካላሳየ አያስገድደው፤ አይገልብጠውም። የማስተማር ዘዴ ክፍል ተማሪዎችም ቢመጡ እንጠቀማለን፤ ፕሮግራም መጻፍ የምናውቅ ብዙዎች ለአምሳ ልጅ ማስረዳት አናውቅምና።

መዝገቡ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይከፈታል። ከቲቸር የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ በእጃችን አለ፤ ራሱን መልሶ የሚጠራ ፋንክሽን መቼ እንደሚቆም ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ በጠመኔ ብቻ እንዴት ይገለጣል የሚል ነው። ሦስታችንም ሞክረን እስካሁን የሚያረካ መልስ አላገኘንም፤ የሚያውቅ ቢኖር ቅዳሜ ይዞልን ይምጣ።